በነጭ አቡጀዲ የመጣችው ጎንደር

የዚያን ዕለት ጠዋት ቤት እየለቀለቅሁ ነበር። እበቱን ከጭቃው ጋር ለውሼ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ፣ ተንበርክኬ ከውስጠኛው ጥግ ወደ በሩ እየመጣሁ። ለቅላቂ ወደ በር ነው የሚመጣ፤ ወደ ውስጥ የሄደ እንደሆን መውጫውን ራሱ ይዘጋል። እናትሽ፣ ያኔ ሕፃን ናት፣ ከበሩ ውጭ ጆንያ አንጥፌላት ተቀምጣለች፣ ጭቃውን ልትይዝ ትንጠራራለች። መውሊድ ነበረ፣ የእስላሞቹ በዓል፣ የምሠራበት ዱካን፣ ሱቁ፣ ተዘግቷል። ዛሬ እንኳ ቤቴን ላሳምር ብዬ ነው። ለማን ነው የምታሳምሪ ብትይኝ ለአያትሽ ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልሁ በየሳምንቱ እለቀልቅ ነበር።

ጻፊ እንጂ፣ ምን ታይኛለሽ? እንዳወራሁት አድርገሽ ጻፊው። ያ ከራስሽ በላይ የተሰቀለው ግንብ፣ «እማማ ይኸ ብርዋዝ ከየት መጣ?» ስትይኝ ያደግሽው፣ የመጣው ያን ዕለት ነው።

እኔ የምሠራው እዚሁ ገዳሪፍ፣ አንድ የብርዋዝ ዱካን ውስጥ ነበር። ብርዋዝ የሚሉት እንጨቱንና መስታወቱን ነው፣ ፎቶ የሚገባበትን። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ናቸው፤ መካ ደርሰው የመጡ ስለሆኑ ሰው ሁሉ «ሐጅ» ነው የሚላቸው። የኔ ሥራ መስታወት ማጠብ ነው። በአመድ አሸዋለሁ፣ በሎሚ አጥበዋለሁ፣ በጋዜጣ እወለውለዋለሁ። ሐጁ ደግሞ አንሥተው ወደ ብርሃን ያዘነብሉታል። የጣት ምልክት ካገኙበት፣ «ያ ቢቲ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይኸ ደመና ነው ወይስ ያንቺ ጣት?»

የሚሸጡት የድሮ ከተማ ፎቶ ነው። ዱሮ ገዳሪፍ ላይ አንድ ግሪክ ፎቶ አንሺ ነበረ አሉ። ሱዳኑንም ሐበሻውንም እየዞረ ያነሣውን፣ ወዳገሩ ሲገባ ለሐጁ ትቶላቸው ሄደ። ከሰላ ከነተራራዋ። ሱዋኪን ከነፍርስራሿ። ኻርቱም በመንገዷ መሐል ባቡር ሲሄድባት። ገዳሪፍ ራሷ አለች፣ ሰሊጥ የጫነ ግመል ገበያውን ሞልቶት። ሰው ለስጦታ ይገዛዋል። ሹም ሲዛወር «እንዳትረሳን» ብለው ገዳሪፍን በብርዋዝ አድርገው ያሸክሙታል። ለሙሽራ ይሰጣል። ለርዳታ የመጡት ኸዋጃዎችም፣ ነጮቹ፣ ሲሄዱ ይወስዳሉ። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ደግሞ ነበረ፤ በየዓመቱ አንዳንድ ከተማ እየገዛ የእንግዳ ቤቱን ግድግዳ የሞላ። «ሐጅ፣ የቀረችኝ ጎንደር ናት» እያለ ይመላለሳል። ጎንደር አንዲት ብቻ ነበረች። «ጫፏን አይጥ በልቷት ላድሳት ነው» ይሉና ይመልሱታል። በሌላ ቀን ሲመጣም ያው አይጥ ነው።

ይኸን ለሆሹ ሴቶች ስነግራቸው ይስቁብኝ ነበር። ሆሽ የምልሽ ሐበሾች ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ነው፣ ጎጆ ከጎጆ የተደጋገፈ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ የሚልበት። ሰባ ሰባት ነው እንግዲህ። ከመተማ በኩል ሰው እንደ ጎርፍ ይገባል፣ የሚቀበረውም እንደዚያው ነው። ያን ዓመት ሱዳንም ዝናብ ነሥቷት ዱራው፣ ማሽላው ማለቴ ነው፣ እሳት ሆኖ ነበር። «ሰው የሚላስ የሚቀመስ አጥቶ እየረገፈ ግንብ ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል አለ?» ይሉኛል። ከግድግዳዬ ወዲያ የምትኖር አንዲት የጭልጋ ሴት ነበረች። አፏ ምላጭ ነው፣ ሙሾ ስታወርድ ደግሞ ድንጋይ ታስለቅሳለች። «ጎንደርንም ይሸጧታል? እኛ ሞኞቹ በነፃ ትተናት መጣን» ትላለች።

እኔ ግን የጎንደርን መስታወት ሳጥብ እዘገይ ነበር። ግንቡ አለ። ከግንቡ ወዲህ ያ ትልቁ ዋርካ አለ፣ ጃን ተከል። ሥሩ ሰዎች ቆመዋል፣ ጉንዳን ጉንዳን ያካክላሉ። አያትሽ እናቱን ሊያመጣ ሲሄድ፣ እናትሽ ክርስትና በተነሣች ሰሞን ነው፣ «ክረምቱ ሳይገባ መጣሁ። ምናልባት መንገድ ተዘግቶ ብንጠፋፋ፣ አንቺም ወዳገር ብትገቢ፣ ዋርካው ሥር ጠብቂኝ» ብሎኝ ነው የሄደ። እናቱ ቀዬዬን አልለቅም ብላ ቀርታ፣ ረሃቡ ሲብስ ሆዱ አልችል ብሎት ነው። ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱ ወጣ። እኔ ያን ፎቶ ይዤ ዋርካው ሥር የቆሙትን አንድ በአንድ አያለሁ። እኔ ሳልወለድ የሞቱ ሰዎች ናቸው እኮ! ግን አያለሁ። ሐጁም ይኸን ያዩ ነበር።

አሁን ይኸን ደኅና አድርገሽ ጻፊው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐጁ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ሰው ሲሞት የሟቹን ትንሿን የመታወቂያ ፎቶ ያመጡላቸዋል፤ አሳድገው በብርዋዝ ያደርጉታል፣ ለቅሶ ላይ ዘመድ ይይዘዋል። የከተማው ፎቶ ከዱካኑ የሚወጣ በቀይ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፣ ስጦታ ነዋ። የሟች ግን በነጭ አቡጀዲ ነው። በሆሹ ውስጥ ይኸን የማያውቅ የለም። በዚያ ዓመት አቡጀዲ ያልገባበት ጎጆ ጥቂት ነበር።

እንግዲህ ለቅልቄ በሩ ዘንድ ልደርስ ስል የሆሹ በር ሲጢጥ አለ። ቀና አልሁ። ከፊት የሆሹ ሽማግሌ ናቸው። ጠብ ሲኖር የሚያስታርቁን፣ መርዶም ሲኖር የሚያረዱን እሳቸው ናቸው። ጠዋት ብርድ ስለነበር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ከኋላቸው ሐጁ፣ ለበዓሉ አዲስ ጀለቢያ ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው አንድ ነገር ታቅፈዋል። አራት ማዕዘን ነው። በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሏል።

ሁለቱም አይነጋገሩም። አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ዐረብኛ፤ ምን ይነጋገሩ!

መርዶ በኛ አገር በጠዋት ነው፣ በሽማግሌ ነው። የጭልጋዋ ሴት በሯ ላይ ዱራ ታበጥር ነበር፤ ቀድማ ያየች እሷ ናት። ሰፌዱን ስትጥለው ሰማሁት።

«ወይኔ! ወይኔ እህቴን! ወይኔ እህቴን!»

ከየጎጆው ወጡ። ጥያቄ የለ፣ ማነው የለ። ራሷን የያዘች፣ ደረቷን የምትመታ፣ ነጠላዋን የምታዘቀዝቅ። ወንዶቹ ሳይቀሩ እንደ ተዘጋጀ ሰው ናቸው። እኔ እጄ እስከ ክርኔ እበት ነው። ምን አሰብሁ መሰለሽ? «እሱ እኮ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። የማንን ፎቶ ነው ያመጡብኝ?» ብዬ አሰብሁ። ይኸን እያሰብሁ ነው የወደቅሁ። ስነሣ ሐጁ ዘንድ ደርሼ አቡጀዲውን ይዤዋለሁ። ስስበው ጀለቢያቸውንም ይዣለሁ፤ ያ አዲሱ ጀለቢያ እበት በእበት ሆነ።

የጭልጋዋ ሴት አወረደችው፦

«እናቱን ሊያመጣ በእግሩ የሄደ፣
ቀብሯት ሲመለስ በንዳድ ነደደ።»

ሆሹ ተቀበላት። «ወይ ንዳድ! ወይ ንዳድ!»

ሐጁ በመሐል ይጮሃሉ። «ያ ጀማዓ! ሀዲያ! ሀዲያ ነው!» ያ ጀማዓ እናንተ ሰዎች ነው፣ ሀዲያ ስጦታ ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ያኔ ግን ማን ሰምቷቸው! ደንግጠው አንዴ ወደኔ አንዴ ወደ ሽማግሌው ያያሉ። ሽማግሌውም ጋቢያቸውን ካፋቸው ላይ ገፈው፣ «ዝም በሉ! ኧረ እናንተ ሰዎች ዝም በሉ! ቤቷን አሳየኝ ቢሉኝ ላሳይ ነው የመጣሁ! ምን ነካችሁ?» ይላሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ነው፣ ከማን በላይ ይሰማ!

በመጨረሻ ሐጁ አቡጀዲውን እንደ ምንም ብለው ከእጄ ላይ ገፈፉትና ብርዋዙን ከራሳቸው በላይ አነሡት።

ጎንደር ናት። ግንቡ፣ ዋርካው።

ሙሾው ተቋረጠ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ግንቡን ያያል። አንዷ፣ «ግንቡ ነው እኮ!» አለችና ሳቅ አመለጣት፣ ሌላዋ ተከተለቻት። የሚያለቅሰው እያለቀሰ መሳቅ ጀመረ። ሐጁ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ማዕሌሽ፣ ማዕሌሽ» ይላሉ፣ ይቅርታ ነው። «ቀይ ወረቀቱ ለበዓሉ አልቆብኝ ነው። የመውሊዱን ጣፋጭ ልስጣት ብል የአንድ ቀን ነው። አገሯን ልስጣት ብዬ ነው።» አንዱ ዐረብኛ የሚያውቅ ይኸንን ተረጎመው። ሴቶቹ «ሟርቱን ለጠላት ያርገው! ለጠላት!» እያሉ እንትፍ እንትፍ ይላሉ። «ጤፍ እንኳ ቢያመጡልን በአቡጀዲ አይጠቅልሉብን፣ በላቸው!» አለች አንዷ።

የጭልጋዋ ሴት ግን አልሳቀችም። አልተፋችምም። አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

እኔ ወደ እሷ ሄድሁ።

«ንዳድ ነው ያልሽ?» አልኋት።

«ለግጥሙ ነው። ቤት እንዲመታልኝ» አለች።

«እናቱን መቅበሩስ? እሱም ቤት እንዲመታልሽ ነው?»

«ኧረ እቴ፣ ሙሾ እኮ ነው፣ ካፌ የመጣልኝን ነው» አለችና ሽማግሌውን አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። ሆሹ ሁሉ እሳቸውን አየ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይኸ ሁሉ ሰው ማነው ብሎ ሳይጠይቅ እንዴት አለቀሰ? ሙሾውስ ተገጥሞ ቆይቶ ባይሆን ከየት መጣ? ሰው ድንገት ሲረዳ «ማን? ማን ሞተ?» ነው የሚል። «ማን» ያላልሁት እኔ፣ «ማን» ያላሉት እነሱ። እኔስ በልቤ ስፈራው ስለኖርሁ ነው፤ እነሱ ግን ያውቁ ነበር።

ሽማግሌው እዚያው አሁን የለቀለቅሁት እርጥቡ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ከነጋቢያቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ከመስቀል በኋላ ነው የሰማን። አብሮት ሲመጣ የነበረ ሰው ነው ያረዳን። አሮጊቷ ሲደርስ በነፍስ ነበረች አሉ፣ በእጁ አረፈች። ቀብሯት ሲመለስ ቆላው ላይ ንዳድ ያዘው። መተማ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ነው አለ ሰውየው። አብረውት የነበሩት ቀብረውታል። ሜዳ ላይ አልቀረም።»

«ከመስቀል በኋላ?» አልሁ። እኔ ከመስቀል በኋላ ስንት ጊዜ ለቀለቅሁ!

«ታጠቢያለሽ እኮ» አሉኝ። «ለምታጠባ ሴት መርዶ አይነገርም፤ የአባቶቻችን ነው። ወተቱ ይሸሻል፣ ልጅቱም ትከተላለች። በደኅናው ዘመን ላም ይታለባል፣ ዘመድ ያጠባል። በዚህ ዘመን ወተት ከየት ይመጣል? እህል እስክትይዝ ብለን ነው። ሁሉንም ያስማልሁ እኔ ነኝ። የምትቀየሚም ከሆነ እኔን ተቀየሚ።»

ከሆሹ ሰው አንድም ቀና የሚል የለም። ሽማግሌውን ከፊት አይተው፣ አቡጀዲውን አይተው፣ «ወሰኑ ማለት ነው፤ ዛሬ ሊያረዷት ነው» ብለው ነው አብረውኝ ሊያለቅሱ የወጡ። የያዙትን ይዘው ቆይተው ኖሮ፣ በሩ ሲከፈት እንደ ግድብ ፈረሰ።

ሐጁ ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም። ሰው ሲተረጉምላቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ብርዋዙን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ «ይኸን ልመልሰው። የሐዘን መልእክተኛ ሆነብሽ። ሌላ አመጣልሻለሁ» አሉኝ። አቡጀዲው ሲገፈፍ መስታወቱ ላይ የኔ እጅ ታትሞበታል፣ አምስቱም ጣት፣ እበት ነው። ሊያብሱት እጅጌያቸውን አነሡና ተዉት።

«አይመልሱት» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላማ ለቅሶ ሆነ፣ እውነተኛው። ጆንያ ተነጠፈ፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል። ለቅሶ ላይ የሚያዝ የሟች ፎቶ የለ፣ እጀ ጠባብና በርኖስ የለ፣ ዱላው እንኳ አብሮት ቀርቷል። ባዶ እጅ ደግሞ አይለቀስም። ያቺው የጭልጋዋ ሴት መጣችና ጎንደርን ከግድግዳው ሥር አንሥታ ታቀፈቻት። ይዛት ዞረች፣ ለሌላዋ ሰጠቻት፣ ሌላዋም ይዛ ዞረች። ሟች የሚያዝበት ቦታ ላይ ከተማዋን ያዟት። ለካ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያለቅስ፤ አንዷ የእናቷን፣ አንዷ የልጆቿን፣ በየመንገዱ የጣሉትን ሁሉ። ለነሱም ፎቶ አልነበራቸውም። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ተቀበልኋት። ከባድ ናት፤ ሐጁ ጥሩ እንጨት ነው ያደረጉባት።

ሐጁ ወደ መውሊዱ አልሄዱም። ካንድ ጥግ ከወንዶቹ ጋር ቁጭ ብለው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው በቋንቋቸው ጸለዩለት። ያ እበት የነካው ጀለቢያ እንደ ለበሱት ነው። ማታ ስኳር ላኩልን።

ያ ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ ኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር፣ ሽጭልኝ ብሎ። «ለቅሶ የተለቀሰበት ነው፣ ከነሐዘኑ ነው የምትወስደው» አልሁት። ፈራ መሰለኝ፣ አልተመለሰም።

የሆሹ ሰው ግን የሚያየው ጡቴን ነበር። አፈርሁ እኮ! በለቅሶው ማግስት ሁሉም በየሰበቡ ይገባል፣ «ጠባች?» ይላል፣ ይወጣል። እኔ አልበላም ብዬ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ። ተቀይሜያለሁ። ሰው ሁሉ ሲበተን የጭልጋዋ ሴት የዱራ አጥሚት በጣሳ ይዛ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። ዞርሁባት።

«ውኃ አብረን ስንቀዳ» አልኋት፣ «ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም፣ ዓይኔ ርግብግብ ይላል ስልሽ፣ ‹እሰይ፣ ይመጣል› ትይኝ አልነበር? እንዴት አስቻለሽ?»

ጣሳውን እጄ ላይ አስያዘችኝ።

«አልቻልሁም፣ እያንዳንዱን ቀን ሙሾ ስገጥም ነው የባጀሁ» አለችኝ። «እኔን ግን ወዲያው ነው የነገሩኝ። መንገድ ላይ፣ ልጄን እያጠባሁ፣ አንዱ ሩጦ መጥቶ ‹ባልሽ ሞተ› አለኝ። በማግስቱ ጡቴ ነጠፈ። ልጄ ሲሞት አፉ ጡቴ ላይ ነበር። ይኸን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በይ አሁን ተቀየሚኝ፤ ግን መጀመሪያ ይኸን ጠጪና አጥቢያት።»